ሲዲ እንዴት ይገለበጣል? የዲስኩ አሠራርና የትእዛዝ መስመር መሣሪያዎቹ

በአንድ ሲዲ ላይ ያሉትን ፋይሎች መርጦ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥና ሲዲውን ራሱን እንዳለ መገልበጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በመጀመሪያው የሚወሰደው በፋይል ስም የሚታየው ይዘት ብቻ ሲሆን፣ በሁለተኛው ግን የማውጫው አወቃቀር፣ የትራኮቹ ቅደም ተከተልና ዲስኩ በማጫወቻ ላይ እንዲነበብ የሚያደርገው ሥርዓት ጭምር አብሮ ይሄዳል። በመስኮትና በአዝራር የሚሠሩ ፕሮግራሞች ይህን ልዩነት ስለሚሸፍኑት ተጠቃሚው ምን እንደተገለበጠና ምን እንደቀረ ሳያውቅ ሥራው አልቋል ብሎ ዲስኩን ያወጣል፤ በተርሚናል ላይ ትእዛዝ ተጽፎላቸው የሚሠሩት ግን እያንዳንዱን ውሳኔ ከተጠቃሚው ይጠይቃሉ፣ ያደረጉትንም በጽሑፍ ይመልሳሉ። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡት የሠርግ፣ የመዝሙርና የፊልም ዲስኮች ዕድሜያቸው እየገፋ በመሆኑ፣ ይህን ልዩነት መረዳት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም።

ፊሊፕስና ሶኒ በጋራ ያበጁት ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲቀርብ የታሰበው ለሙዚቃ ነበር። ዲስኩ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ሲሆን፣ መረጃው የተቀመጠው ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም አንድ ጠመዝማዛ መስመር ላይ ነው። የእንጀራ ሊጥ ከምጣዱ ዳር ተነሥቶ እየዞረ ወደ መሃል ሲገባ፣ የሲዲው መስመር በተቃራኒው ከመሃል ተነሥቶ እየዞረ ወደ ዳር ይወጣል፤ በአንዱ ዙርና በቀጣዩ መካከል ያለው ርቀትም 1.6 ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም የሚሊ ሜትር ሺኛ ክፍልፋይ ተኩል ያህል ነው። በፋብሪካ በታተመ ሲዲ በመስመሩ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይገኛሉ፤ የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖ ሜትር የሆነ የሌዘር ጨረር በመስመሩ ላይ ሲያልፍ ከጉድጓዱና ከሜዳው የሚመለሰው ብርሃን ስለሚለያይ፣ ማጫወቻው ይህን ለውጥ ወደ አንድና ዜሮ ይተረጉመዋል።

በቤት ውስጥ የሚጻፍበት ባዶ ሲዲ ጉድጓድ የለውም። በፕላስቲኩና ብርሃን በሚያንጸባርቀው የብረት ገጽ መካከል የተቀባ ኬሚካላዊ ቀለም አለው፤ ጸሐፊው ድራይቭ ሌዘሩን ለንባብ ከሚጠቀምበት ኃይል በብዙ እጥፍ ከፍ አድርጎ ሲለቀው ቀለሙ በሙቀት ይለወጥና ብርሃን የማይመልስ ነጥብ ይሆናል። ሥራው በእንግሊዝኛው ልማድ «በርን ማድረግ»፣ ማለትም ማቃጠል፣ የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ያው ቀለም ግን የዲስኩ ደካማ ጎንም ነው፤ የፀሐይ ብርሃንና ሙቀት በዓመታት ውስጥ ያደበዝዙታል። በሲዲ ላይ አንጸባራቂው ገጽ የሚገኘው ስም ከሚጻፍበት ጎን ከስስ ቫርኒሽ ሥር በመሆኑ፣ በእስክሪብቶ ተጭኖ የሚጻፍ ስም ሥሩ ያለውን መረጃ ሊጎዳ ይችላል፤ ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ግን ለሚያብረቀርቀው ጎን ብቻ ነው።

የመገልበጡን ነገር ለመረዳት ሴክተር የሚባለውን መለኪያ ማወቅ ግድ ይላል። የሙዚቃ ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ፣ ለግራና ለቀኝ ቻናል እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ስለሚጽፍ በሰከንድ 176,400 ባይት ይፈጃል፤ ይህም በ75 ሲካፈል 2,352 ባይት ይሆናል፤ አንድ ሴክተር ማለት ይኸው ነው። በሙዚቃ ላይ የአንድ ባይት ስህተት ጆሮ ሳይሰማው ሊያልፍ ይችላል፤ በኮምፒውተር ፋይል ላይ ግን አንድ ባይት ሲሳሳት ሰነዱ አልከፈት ሊል ይችላል። ስለዚህ ሲዲ ለኮምፒውተር ሲዘጋጅ ከሴክተሩ 2,048 ባይት ብቻ ለይዘቱ ተሰጥቶ፣ 16ቱ ለመነሻ ምልክትና ለአድራሻ፣ ከቀሪውም 276ቱ ለስህተት ማረሚያ ኮድ እንዲውል ተደረገ። ማረሚያ ኮድ ማለት ከይዘቱ በሒሳብ ተሰልቶ አብሮ የሚጻፍ ተጨማሪ ቁጥር ሲሆን፣ ከይዘቱ ጥቂት ባይት ቢጠፋ ከቀሪው መልሶ ለማስላት ያስችላል። ይህ የሚጨመረው ሁሉም ሲዲ ካለው የመጀመሪያ ደረጃ እርማት በላይ ሲሆን፣ ያ የመጀመሪያው እርማት ብቻውን በመስመሩ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚደርስ ጭረትን ሊሸፍን የሚችል በመሆኑ፣ የተቧጨረ ሲዲ ሳይንገጫገጭ ሲያጫውት ማየት የተለመደ ነው።

ፋይሎችን ወደ ዲስክ ለመጻፍ መጀመሪያ የዲስኩ ምስል ይዘጋጃል። ምስል ሲባል ፎቶግራፍ ሳይሆን፣ ዲስኩ ላይ የሚያርፈው ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው በተርታ የተቀመጠበት አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ይህን የሚሠራው ኤምኬአይሶኤፍኤስ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1993 በኤሪክ ያንግዴል የተጀመረ ሲሆን፣ የሚከተለው አይሶ 9660 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ደረጃው በጥብቅ አተረጓጎሙ ለፋይል ስም የሚፈቅደው ትልልቆቹን የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችንና የሥር ሰረዝን ብቻ፣ ያውም ከስምንት ፊደልና ከሦስት ፊደል ቅጥያ ሳያልፍ ነው። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል በዚህ ሥርዓት ብቻ ከተጻፈ ስሙ ይጠፋል። መፍትሔው ሁለት ተጨማሪ ሥርዓቶችን በትእዛዙ ላይ መጥቀስ ነው፤ ጆሊየት የተባለውና ማይክሮሶፍት ያዘጋጀው በዩኒኮድ እስከ 64 ፊደል የሚደርስ ስም የሚይዝ ሲሆን፣ ሮክ ሪጅ ደግሞ ለሊኑክስና ለመሰል ሥርዓቶች ሙሉውን ስምና የፋይሉን ፈቃድ ያስቀምጣል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለተካተተ፣ ሁለቱ አብረው ከታዘዙና የስሞቹ አጻጻፍ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ለፕሮግራሙ ከተነገረው፣ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች በዊንዶውስም በሊኑክስም እንደተሰየሙ ይነበባሉ። ትእዛዙን ጥቂት ምልክቶች ጨምሮ መጻፍ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ መሆኑ፣ ተጠቃሚው ራሱ የሚመርጥበት አሠራር ለምን እንደሚጠቅም በግልጽ ያሳያል።

ምስሉን ዲስክ ላይ የሚያሳርፈው ፕሮግራም ሲዲሬኮርድ ነው። ጀርመናዊው ዮርግ ሺሊንግ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ይህ ፕሮግራም በ2006 በፈቃድ ውል ላይ በተነሣ ክርክር ሳቢያ ለሁለት ተከፍሎ፣ የዴቢያን ሊኑክስ አዘጋጆች ዎዲም የተባለውን ቅርንጫፍ አውጥተዋል፤ የትእዛዞቹ አጻጻፍ ግን በአብዛኛው አንድ ነው። ተጠቃሚው የድራይቩን አድራሻ፣ የመጻፊያውን ፍጥነትና የአጻጻፉን ስልት ይጠቅሳል። ስልቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ በአንዱ ሌዘሩ በየትራኩ መጨረሻ እየቆመ ይጽፋል፣ በሌላው ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጥ ይጨርሳል። ከመጻፉ በፊት የማስመሰያ ሙከራ ማዘዝም ይቻላል፤ ድራይቩ ሌዘሩን ዝቅ አድርጎ ሥራውን ሁሉ ስለሚያልፍበት፣ ችግር ካለ ዲስኩ ሳይበላሽ ይታወቃል። ቀለሙ አንዴ ከተለወጠ የማይመለስ በመሆኑ በመሃል መብራት የጠፋበት ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል፤ ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ባትሪው በተሞላ ላፕቶፕ መጻፍ ይመረጣል።

ብዙዎች የሚዘሉት ግን ዋናው ደረጃ ማረጋገጥ ነው። የተጻፈው ዲስክ ተመልሶ ሲነበብ ከምስሉ ጋር በባይት መመሳሰሉን ለማወቅ የሁለቱም የማረጋገጫ ቁጥር ይሰላል፤ ኤስኤችኤ-256 የተባለው ስሌት ለማንኛውም ፋይል የ64 ሆሄ ቁጥር ሲያወጣ፣ ከፋይሉ አንዲት ቢት ብትለወጥ ቁጥሩ ከነጭራሹ ሌላ ይሆናል። እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። በየትራኩ እየቆመ በተጻፈ ዲስክ ላይ ድራይቩ በትራኩ መጨረሻ ሁለት የማይነበቡ ሴክተሮችን ይተዋል፤ ዲዲ የተባለው የመገልበጫ ትእዛዝ እዚያ ሲደርስ የንባብ ስህተት አሳይቶ ይቆማል፣ ተጠቃሚውም ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ዲስኩ ግን ጤነኛ ነው። አይሶኢንፎ የተባለው ፕሮግራም ምስሉ ስንት ሴክተር እንደሆነ ከዲስኩ ላይ ያነባል፤ ለምሳሌ 332,800 ቢል፣ ዲዲ በ2,048 ባይት መጠን 332,800 ጊዜ ብቻ አንብቦ እንዲያቆም ይታዘዛል። ይህ በትክክል 681,574,400 ባይት ሲሆን፣ የማረጋገጫ ቁጥሩም ከምስሉ ጋር ይገጥማል።

ይኸው ዲዲ ግን በቪሲዲ ፊት አቅም ያጣል። በኢትዮጵያ የአማርኛ ፊልሞች ለዓመታት የተሠራጩት በቪሲዲ በመሆኑ፣ ይህ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የቪሲዲ አዘጋጆች ፊልሙን በሲዲ ላይ ለማብቃቃት ከሁለተኛው ደረጃ የስህተት እርማት ላይ ቆረሱ፤ ፊልሙ ያረፈባቸው ሴክተሮች 2,048 ሳይሆን 2,324 ባይት ይዘት ሲይዙ፣ የማረሚያ ኮዱ ቀርቷል። በዚህ ዘዴ አንድ ደቂቃ ፊልም አንድ ደቂቃ ሙዚቃ የሚይዘውን ያህል ቦታ ብቻ ስለሚወስድ፣ ከ80 ደቂቃ የሚረዝም ፊልም በሁለት ሲዲ ይወጣ ነበር። ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ የከፈተ ሰው ማውጫዎቹንና በውስጣቸው ያለውን የፊልም ፋይል ያያል፤ ያ ማውጫ ግን የተጻፈው በመጀመሪያው ትራክ ሲሆን፣ ፊልሙ ራሱ ያለው በሁለተኛው ትራክ፣ ዲዲ በማያውቀው የሴክተር ዓይነት ነው። ስለዚህ ቪሲዲን እንዳለ ለመገልበጥ ሲዲአርዳኦ የተባለው ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ይህ ሴክተሮቹን ሳይተረጉም 2,352 ባይታቸውን በሙሉ አንብቦ አንድ የይዘት ፋይልና ትራኮቹ የት እንደሚጀምሩ የሚገልጽ አንድ የጽሑፍ ፋይል ያወጣል፣ ከሁለቱም አዲስ ዲስክ መጻፍ ይቻላል። የማረሚያው ኮድ በመቅረቱ የቪሲዲ ፊልም ከሰነድ ዲስክ ይልቅ ለጭረትና ለእርጅና የተጋለጠ ነው፤ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። እርግጥ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የማባዛትን መብት ለሥራው ባለቤት የሰጠ በመሆኑ፣ የራስን ሠርግ ማቆየትና የሌላውን ፊልም አባዝቶ መሸጥ አንድ አይደሉም።

የሙዚቃ ሲዲ የራሱ ጣጣ አለው፤ በሴክተሩ ውስጥ አድራሻ ስለሌለ ድራይቩ ባቆመበት ትክክለኛ ቦታ መቀጠሉን አያውቅም። ሲዲፓራኖያ የተባለው ፕሮግራም እያንዳንዱን ክፍል ከቀዳሚው ጋር አደራርቦ እያነበበ፣ የሚመሳሰለውን ፈልጎ በማገጣጠም ይህን ክፍተት ይሞላል። ዲቪዲ በአንጻሩ ለሥራው ይቀላል፤ አቅሙ 4.7 ቢሊዮን ባይት ሲሆን የሴክተሩ ይዘት ሁልጊዜ 2,048 በመሆኑ፣ ያልተቆለፈ የሠርግ ዲቪዲ በዲዲ ይገለበጣል።

መነበብ ያቃተው ዲስክ ሲያጋጥም ዲዲን ደጋግሞ ማዘዝ ጊዜ ማባከን ነው። ዲዲሬስኪው የተባለው ፕሮግራም መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ሰብስቦ፣ አስቸጋሪውን ክፍል ለኋላ ትቶ ይመለስበታል፤ የትኛው እንደተነበበና የትኛው እንደቀረም በካርታ ፋይል ይመዘግባል። ካርታው ባለበት ሥራውን ማቋረጥና ዲስኩን አጽድቶ በሌላ ድራይቭ መቀጠል ይቻላል፤ የድራይቮች ሌዘርና የእርማት ችሎታ ስለሚለያይ አንዱ ያልቻለውን ሴክተር ሌላው የሚያነብበት ጊዜ ብዙ ነው። ዲስኩን ከመሃል ወደ ዳር በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት ይገባል፤ እየዞሩ ማጽዳት የሚያደርሰው ጭረት መስመሩን ተከትሎ ስለሚሄድ እርማቱ ከሚችለው በላይ የሆኑ ተከታታይ ባይቶችን ያጠፋል። ለቪሲዲ ፊልምና ለሙዚቃ ዲዲሬስኪው አይሆንም፤ ለእነሱ ከላይ የተጠቀሱት ሲዲአርዳኦና ሲዲፓራኖያ በዝግተኛ ፍጥነት፣ ካስፈለገም ከአንድ በላይ በሆኑ ድራይቮች ይሞከራሉ።