ረቡዕ የሚቦካ የቅዳሜ ትምህርት

በቤት ውስጥ የምግብ ሙያ ማስተማር ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ድስቱ አለ፣ ምድጃው አለ፣ ባለሙያዋ አለች፤ የቀረው ጥቂት ሰው ጠርቶ ሽርጥ ማስታጠቅ ነው። ጣጣው የሚታየው የምግቡን ዝርዝር ከሰዓቱ ጋር ሲያስተያዩት ነው። የእንጀራ ሊጥ ለመቡካት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። በርበሬ ከዛላው ተቀንጥሶ ወፍጮ ቤት እስኪደርስ ሳምንት ያልፈዋል። የዶሮ ወጥ ቁሌት ብቻውን ሁለት ሰዓት ያህል ምድጃ ይይዛል። ተማሪው ግን የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው፤ ሰባት ሰዓት ላይ በልቶና ቡናውን ጠጥቶ መሄድ ይፈልጋል። ስለዚህ አስተማሪዋ ገና ድስት ሳትጥድ የምትፈተነው ጊዜን ከፋፍላ በማዘጋጀት ችሎታዋ ነው።

ፈላጊው ብዙ ዓይነት ነው። ከእናቱ ቤት ወጥቶ ብቻውን የሚኖር ወጣት፣ ሠርጓ የደረሰ ልጅ፣ ውጭ አድጋ ለክረምት የመጣች የአክስት ልጅ፣ ለሥራ መጥቶ አገሩን የሚለምድ ፈረንጅ። ድሮ ይህ ሙያ ጓዳ ውስጥ በመዋል ይገባ ነበር። ልጅቷ ሽንኩርት እየላጠች፣ ምጣድ እያሰሰች፣ ሲያርባት እየተቆጧት ትለምደዋለች፤ ወንዱ ደግሞ «ምን ትሠራለህ እዚህ?» ተብሎ ይባረራል። ዛሬ የዚያ ሁሉ ዓመት ልምድ በአንድ ቅዳሜ ተጠቅልሎ እንዲሰጥ የሚጠይቅ ሰው ሞልቷል። አይሆንም። የሚሆነው ወቅቱ ያመጣውን አንድ ሁለት ነገር አንስቶ እሱን በደንብ ማሳየት ነው።

በእኛ አገር የድስቱን ወቅት ከዝናብና ከፀሐይ እኩል ጾምና ፍስክ ይወስኑታል። በኦርቶዶክስ ምእመን ቤት ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይነካም። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እናም የዓመቱን ዕቅድ የምታወጣ አስተማሪ መጀመሪያ የምትገልጠው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ነው። እዚያ ላይ ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ቦታውን ይለውጣል፤ በባሕረ ሐሳብ ስሌት ግን ከየካቲት 1 ቀድሞ አይገባም፣ ከመጋቢት 5ም አያልፍም። ይህ ቀን ከታወቀ ሌላው በየቦታው ይገባል።

በእኔ ግምት ለአንድ ቤት በዓመት አራት ትምህርት ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ቤቱ ምግብ ቤት ሊሆን ነው። የመጀመሪያው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ለእንቁጣጣሽ ሰው ሁሉ ዶሮና ድፎ ዳቦ በሚያስብበት ሰሞን ይውላል። ሁለተኛው ክረምቱ አልፎ ፀሐዩ ሲጠነክር የበርበሬ ነው። ሦስተኛው የሽሮና የጾም ወጥ ሲሆን ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መሆን አለበት፤ ጾሙ ከገባ በኋላ ሽሮ ማዘጋጀት የሚማር ሰው የሚበላው የገበያ ሽሮ ነው። አራተኛው የቅቤና የአይብ ነው። ይህኛው ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ውስጥ ቢውል ይመረጣል። በነዚያ ሳምንታት ረቡዕና ዓርብም ፍስክ ስለሆነ ተማሪው ቤቱ ገብቶ በፈለገው ቀን ይደግመዋል።

እንጀራ ወቅት አይመርጥም፣ በአራቱም ይኖራል። እሱን በአራት ሰዓት ለማስተማር ያለው ዘዴ ሦስት ሳህን ነው። አስተማሪዋ ረቡዕ ማታ የጤፍ ዱቄቱን በውሃና በእርሾ ታቦካለች፤ ዓርብ ማታ ሁለተኛ ሳህን ትደግማለች፤ ሦስተኛውን ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎቹ ራሳቸው ያቦኩታል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ትምህርቱ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። አንዱ ጭቃ የመሰለ ዱቄት ነው፣ አንዱ አረፋ መያዝ ጀምሯል፣ አንዱ ውሃው ላይ ሰፍፎ ጠረኑ ኮምጠጥ ብሏል። ከዚህኛው ላይ ውሃው ይደፋል፣ ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውሃ ይበስልና ተመልሶ ይቀላቀላል። አብሲት መጣል የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚዘለው እሱን ነው፤ ከዚያ እንጀራው ለምን ዐይን አላወጣም ብሎ ምጣዱን ይወቅሳል። አብሲቱ ገብቶ ሊጡ ኩፍ እስኪል ያለው ጊዜ ለሽንኩርት መክተፊያ ይውላል። ተማሪዎቹ ያቦኩት ሦስተኛው ሳህን ደግሞ በየማሰሮው ተከፍሎ አብሯቸው ይሄዳል፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ቤታቸው ይጋግሩታል። በክረምት ቅዝቃዜው ሊጡን ስለሚያዘገየው የመጀመሪያው ሳህን ማክሰኞ ቢቦካ ይሻላል።

የዶሮው ትምህርት የተማሪውን ቁጥር ይወስናል። ዶሮ በወጉ 12 ብልት ይወጣታል። ስድስት ተማሪ ካለ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ይደርሰዋል፤ በእጁ ያወጣውን ብልት ደግሞ ማንም አይረሳም። ቢላው አጥንት ላይ የሚታገለው መገጣጠሚያው ስላልተገኘ ነው፤ ይህንን በቃል ማስረዳት ድካም ነው፣ ጣትን ይዞ ቦታው ላይ ማስቀመጥ ይቀላል። ፈረሰኛው የማን እንደሆነ፣ መላላጫው ለማን እንደሚወጣ ወሬው የሚመጣውም እዚሁ ላይ ነው። ከዚያ በሎሚና በጨው ማጠብ፣ ደጋግሞ ማጠብ።

ቁሌቱ ሁለት ድስት ይፈልጋል። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ገደማ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል፣ በርበሬው ከገባ በኋላ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው። አስተማሪዋ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አንዱን ድስት ጥዳ ትጠብቃለች። ተማሪዎቹ ሲመጡ የራሳቸውን ሽንኩርት ከትፈው ሁለተኛውን ይጥዳሉ። የእሷ ቁሌት ቅባቱ ወደ ላይ ሲወጣ ዶሮው እዚያ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ መከለሻው ይነሰነሳል፣ የተቀቀለው እንቁላል ይጨመራል። የእነሱ ድስት ምሳ ሲበላም እየተንተከተከ ነው፤ ያልቅና በስድስት ዕቃ ይከፈላል። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ ሰዎች አሉ፣ ተማሪው የራሱን ድስት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብስሎ ካልበላ ምን ተማረ ይላሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ማማሰያ ላይ ስድስት ሰው ማፍጠጥ ግን ትምህርት አይሆንም። ቅዳሜ መመረጡም ትምህርቱን በጾም ቀን ላለመጣል ነው፤ ዓርብ የተሠራ ዶሮ ቀማሽ የለውም።

ምጥን የሌለው ሙያ ማስተማር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። «በርበሬው ምን ያህል ይሁን?» ሲባል «እስኪበቃው» የሚል ባለሙያ እውነቱን ነው፣ እጁ ያውቀዋል። ተማሪው ግን ያ እጅ የለውም። ጥሩ አስተማሪ ከትምህርቱ በፊት ባለው ሳምንት ለራሷ ስታበስል የወጥ ቤት ሚዛን አጠገቧ ታስቀምጣለች፤ ጣል ያደረገችውን ሁሉ ከመጣሏ በፊት ትመዝናለች። ወረቀት ላይ የምትሰጠውም በኪሎ፣ በሾርባ ማንኪያና በቡና ሲኒ ነው። ሲኒ ሁሉም ቤት ስላለ ጥሩ መለኪያ ነው። ከቁጥሩ ጎን የሚታይና የሚሸት ምልክት ቢጻፍ የበለጠ ይረዳል፤ ሽንኩርቱ ውሃው ደርቆ ድስቱን መያዝ ሲጀምር፣ የበርበሬው ጥሬ ጠረን ሲጠፋ።

የበርበሬው በአንድ ቅዳሜ አይገባም፣ በሁለት ይከፈላል። በመጀመሪያው ቀን ከማረቆ ወይም ከሃላባ የመጣው ዛላ ይቀነጠሳል፣ ይለቀማል፤ ቀድሞ ከደረቀው ላይ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላና በጤና አዳም ይደቆሳል። ያ ድቁስ ታፍኖ ይቆይና በሳምንቱ መካከል አስተማሪዋ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። በሁለተኛው ቅዳሜ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ ታምሶ ይገባና ተማሪዎቹ አብረዋት ወፍጮ ቤት ይሄዳሉ። የወፍጮ ቤቱ ጉዞ እንዳይቀር። የት እንደሚፈጭ፣ በርበሬ ከእህል ወፍጮ ለምን እንደሚለይ፣ ሁለት ጊዜ ይፈጭልኝ እንዴት እንደሚባል ከወጥ ቤት ወንበር ላይ ሆኖ አይታወቅም። አስም ያለበት ተማሪ ግን ይህ ትምህርት ቢያልፈው ይሻላል፤ ቀድሞ መጠየቅ የአስተማሪዋ ግዴታ ነው።

የጾሙ ትምህርት በዝግጅት ቀላሉ ነው፣ በጥቅም ግን ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። አንደኛው ምክንያት ሽሮን አንዴ ያወቀ ሰው ሳይራብ መኖሩ ነው። ፈሰስ ያለው፣ ወፈር ያለውና ተጋቢኖው ከአንድ ዱቄት በሦስት ድስት ሊታይ ይችላል፤ ስልጆ ተጀምሮ ለተማሪው ይሰጥና ቤቱ ይቦካል። ሁለተኛው ምክንያት የእንግዶቹ ነው። በአገራችን ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን እርድ አይበላም። የተለያየ ሃይማኖት ያላቸው ስድስት ሰዎች ያለ አንዳች ጥያቄ አንድ መሶብ የሚከቡት ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮውና የሱፍ ፍትፍቱ ሲቀርብ ነው። የሥጋ ትምህርት የሚሰጥ ሰው ይህን ከምዝገባው ጋር መጠየቅ አለበት፤ ተማሪው ቢላ ይዞ ከቆመ በኋላ መጠየቅ ነውር ነው። ስለ ሰናፍጭ፣ ስለ ሰሊጥና ስለ ኦቾሎኒ አለርጂም እንዲሁ።

ስለ ቅቤው አጭር ነገር ይበቃል፣ ብዙ አያስቸግርም። ለጋ ቅቤ በኮሰረትና በኮረሪማ፣ በአብሽና በእርድ ይነጠራል፤ አረፋው እስኪጠራ በዝግታ ነው እንጂ እሳት አይወድም። አይቡ ከአሬራ ስለሚወጣ ሁለቱ በአንድ ቀን ይመቻሉ። የተረፈውን አጓት የሚጠጣም አይጠፋም።

የቤቱ ነገር ደግሞ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ እሱ በርቶ ውሃ ማፍያውና ምድጃው ከተጨመሩበት መብራቱ ጥርቅም ሊል ይችላል። ስለዚህ እንጀራው የሚጋገርበትና ወጡ የሚጣድበት ሰዓት ቢለያይ፣ ወይም ወጡ በጋዝ ቢሆን ጥሩ ነው። መብራት የሚሄድበት ቅዳሜም ይኖራልና ከሰል የሌለው ቤት ለትምህርት አይጠራ።

አሜሪካ ያሉ አስተማሪዎች ጣጣቸው ሌላ ነው። ቡናው ሲቆላ ወይም በርበሬው ሲታመስ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ መስኮት ቀድሞ መከፈት አለበት። ምጣድ በሌለበት አገር ብዙዎች የሚጋግሩት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው «ሄሪቴጅ ግሪል» በሚባል የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። እሱ የተሠራው ኖርዌያውያን ለሚወዱት ለፍሰ ለተባለ የድንች ቂጣ ነበር፤ እንጀራን ግን እንደተወለደበት ሥራ ተቀብሎታል። አይዳሆ ውስጥ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጤፍ ይመረታል። ቢሆንም በየሱቁ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ ይገባበታል፤ ግሉተን የማይስማማው ተማሪ ካለ ትምህርቱ በንጹሕ የጤፍ ዱቄት መሆን አለበት። ጤፍ ራሱ ግሉተን የለውም።

የሚቀረው ገንዘቡ ነው። ቤቱ የመጣን ሰው አብልቶ ሒሳብ መጠየቅ ለእኛ ሰው ይከብዳል፣ አንዳንዷም ከማፈሯ የተነሣ በኪሳራ ታስተምራለች። መፍትሔው በሩ ላይ ገንዘብ አለመቀበል ነው። ክፍያው ከሳምንት በፊት ያልቅና ቅዳሜ ዕለት ስለ ገንዘብ ማንም አያነሣም። ሒሳቡ ሲሠራ ከዶሮውና ከቅቤው ጋር ረቡዕ ማታ የቦካው ሊጥ፣ ንጋት ላይ የተጣደው ድስት፣ ጋዙና እሑድ የሚታጠበው ዕቃ ሁሉ ይገባል። ዓርብ ማታ ደውሎ «አልመጣም» ለሚል ሰው ገንዘቡ አይመለስም፣ የሽንኩርቱና የዶሮው ድርሻ ግን ለሚቀጥለው ትምህርት ይያዝለታል። ወንድሙን ወይም እህቱን በምትኩ ከላከ ደግሞ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ሥጋ ይበላል ወይስ አይበላም?