ለኢሉባቦር ደን የትኛው ባይኖኩላር ይሻላል?

ጉሬዛና ወፍ ለማየት ወደ መቱ፣ ጎሬ ወይም ያዮ የሚጓዝ ሰው ባይኖኩላር ሊገዛ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ኪስ በሚገባው ላይ ነው። ይሁንና መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የማይሆን ዕቃ ይዘው ከሄዱ በኋላ ተመልሶ መለወጥ ዘበት ነው።

ዕቃው ላይ «10×25» ከተባለ፣ 10 አቅርቦ የሚያሳይበት እጥፍ፣ 25 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 25 ለ10 ሲካፈል ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ለሜዳና ለቀትር ይበቃል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የያዮ የቡና ደን ግን ጥላው ከባድ ነው። በጥላ ውስጥ የዓይን ብሌን ስለሚሰፋ፣ 4 ሚሊ ሜትር የሚሰጠው 8×32 ይመረጣል። እርግጥ ኪስ አይገባም፤ አንገት ላይ ግን አይከብድም። ደግሞም 10 እጥፍ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል።

መዳፍ በምታህል ዕቃ ላይ «30×60» ተጽፎ ካዩ ይለፉት። 60 ሚሊ ሜትር የሆነ መስታወት መዳፍ ውስጥ ከየት ይመጣል? የተጠራጠረ ማስመሪያ ይዞ ይሂድ።

አገሩ ዝናባም ስለሆነ ውኃ የማያስገባና ናይትሮጅን የተሞላ መሆኑን ይጠይቁ፤ አለዚያ መስታወቱ ከውስጥ በጉም ይሸፈናል። ይህ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል፤ ቢሆንም ከዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ከሱቁ በር ወጥተው ከመንገዱ ማዶ ያለውን ማስታወቂያ በሁለት ዓይንዎ ያንብቡ። ፊደሉ ከተደራረበብዎ ዕቃውን ለባለሱቁ ይመልሱለት።