በሴራሚክ መጋጠሚያ ላይ የሚመላለሰው ሻጋታ

የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ በበረኪና ታጥቦ ይነጣል፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ግን በሴራሚኮቹ መጋጠሚያ ላይ ያው ጥቁር ነጠብጣብ ብቅ ይላል። ጥፋቱ የአጽጂው ስንፍና ነው ወይስ የበረኪናው ድክመት? መልሱን ለማግኘት የሻጋታን ተፈጥሮና የመጋጠሚያውን ይዘት ማወቅ ያስፈልጋል።

ሻጋታ የፈንገስ ወገን ነው። የሚራባው ስፖር በተባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ብናኞች ሲሆን፣ እነዚህም በማንኛውም ቤት አየር ውስጥ ስለሚንሳፈፉ ፈጽሞ ማስወገድ አይቻልም። ስፖሩ እንዲበቅል ተስማሚ ሙቀት፣ ምግብና እርጥበት ይሻል። በመታጠቢያ ቤት ምግቡ የሳሙና ቅሪት፣ የሰውነት ቅባትና የሚረግፍ የቆዳ ቅርፊት ነው። በዚህ ስፍራ ከሚገኙት መካከል ክላዶስፖሪየምና ኦሪዮባሲዲየም የተባሉት ወገኖች ይጠቀሳሉ። ጥቁረታቸውም ሜላኒን ከተባለው ቀለም የሚመጣ ነው።

እርጥበቱስ ከየት ይመጣል? 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው የውኃ ተን 17 ግራም ያህል ሲሆን፣ በ40 ዲግሪ ግን 51 ግራም ያህል ይደርሳል። በሙቅ ውኃ ስንታጠብ በተን የተሞላው አየር ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ትርፉን ውኃ እንደ ጤዛ ይጥላል። የሴራሚኩ ልባስ ውኃ አያሳልፍም። መጋጠሚያው ግን ደቃቅ ቀዳዳዎች ያሉት የሲሚንቶ ድብልቅ በመሆኑ፣ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ሁሉ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል።

አዲስ ሲሚንቶ ፒኤቹ ከ12 በላይ ስለሆነ ለሻጋታ አይመችም። ከጊዜ በኋላ ግን የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሲሚንቶው ጋር እየተዋሐደ ይህን ጠባይ ያዳክመዋል። መጋጠሚያው ባረጀ ቁጥር ሻጋታ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በበረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሻጋታውን ቀለም ያነጣል፤ ላዩን ያለውንም ይገድላል። ነገር ግን ከሳሙናውና ከቅባቱ ጋር እየተዋሐደ ኃይሉን ስለሚጨርስ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የተደበቁት ክሮች ሊተርፉ ይችላሉ። የነጣ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም።

ስለዚህ በቅድሚያ መጋጠሚያውን በሳሙናና በብሩሽ ፈትጎ ማጠብ፣ ከዚያም በመመሪያው መሠረት የተበጠበጠ በረኪና ቀብቶ 10 ደቂቃ ያህል ማቆየትና ማለቅለቅ ይገባል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከታጠቡ በኋላ ግድግዳውን መወልወልና መስኮቱን ከፍቶ ማናፈስ ነው። የተፈረፈረ መጋጠሚያ ተፍቆ በአዲስ ይተካ፤ በደንብ ከደረቀም በኋላ ውኃ የማያስገባ ልባስ ይቀባ። ከግድግዳው ጀርባ የሚያፈስ ቧንቧ ካለ ግን እርሱ ሳይጠገን የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። «ኃይል ይጨምራል» በሚል በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1915 በኢፕር ጦር ሜዳ ወታደሮችን የፈጀው ጋዝ ነው። ከአሞኒያ ጋር ሲቀላቀልም ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጠራል።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች ጋር እንደሚያያዙ ገልጿል። ስፖሩን ከቤታችን ማባረር አንችልም፤ ውኃውን መንፈግ ግን በእጃችን ነው።