በጥጡና በሸሚዙ መካከል

ጋቢ የሚሠራ ሸማኔ ሁለት ዓይነት ክር ይገዛል። ድሩ የፋብሪካ ነው፤ ወጥ፣ ጠንካራ፣ ሲወጠር የማይበጠስ። ማጉ እናቶች በእንዝርት የፈተሉት ልቃቂት ነው፤ እዚህ ወፈር እዚያ ቀጠን ይላል፣ ጋቢውን የሚያሞቀው ግን እሱ ነው። ስለ ጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ በሚወጡ ዕቅዶች ውስጥ ሸማኔው ቢጠቀስ «ባህላዊ አልባሳት» በሚለው ምዕራፍ ነው። የክር ፋብሪካዎች ነባር ደንበኛ መሆኑን የሚያነሣ የለም። አደይ አበባንና እድገትን የመሰሉ ፋብሪካዎች ግን ለውጭ ገበያ ሸሚዝ ይሰፋል ከመባሉ ከብዙ ዓመት በፊት ክራቸውን ለሽሮ ሜዳና ለመሰሎቿ ሸማኔዎች ሲያቀርቡ ኖረዋል።

ይህ የተዘነጋ ደንበኛ ስለ ዘርፉ አንድ ነገር ይነግረናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ጥጥ ብዙ ተወርቷል፤ ስለ ልብስ ስፌትም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ያለው መፍተል፣ መሸመንና ማቅለም ግን ጥጡና ስፌቱ ካሉ በራሱ የሚመጣ ተደርጎ ተቆጥሯል። አልመጣም።

የቀድሞዎቹ ፋብሪካዎች እንዲህ አልነበሩም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው፣ የድሬ ልጆች «ኮተኒ» የሚሉት የድሬዳዋው ፋብሪካ፣ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳሩ፣ የሕንዱ የቢርላ ቤተሰብ ገንዘብ ያለበት የአቃቂው፣ ኋላም በደርግ ጊዜ የተቋቋመው የኮምቦልቻው ሁሉ ጥጥ በአንድ በር አስገብተው በሌላው በር አንሶላ፣ ካኪና አቡጀዲ ያወጡ ነበር። ያንን ዘመን ለማሞካሸት አይደለም። የግሎቹ በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ በኋላ ማሽኖቹ አረጁ፣ መለዋወጫ ጠፋ፤ ጨርቁም ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው የሚገዛው ዓይነት ነበር። ገበያው ሲከፈት የእስያ ጨርቅና ልባሽ ልብስ በቀላሉ ያሸነፏቸውም ለዚህ ነው። ሆኖም የተሟላ ሰንሰለት ነበራቸው፤ ተከታዩ ትውልድ ያጣውም ይህንኑ ነው።

ሰንሰለቱ የተበጠሰበትን ጊዜ የሚፈልግ 2003 ዓ.ም. ላይ ቆም ይበል። ያ ዓመት የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተጀመረበት ነው። ዕቅዱ በአምስት ዓመት መጨረሻ ከጨርቃ ጨርቅና አልባሳት 1 ቢሊዮን ዶላር የኤክስፖርት ገቢ ይጠብቅ ነበር፤ የተገኘው 100 ሚሊዮን አካባቢ ሆነ። በዚያው በ2003 የመጀመሪያ ወራት መንግሥት የሀገር ውስጥ ፋብሪካዎች ጥጥ እንዳያጡ በማሰብ ጥጥ ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ጊዜው ግን ከዚያ የከፋ ሊሆን አይችልም ነበር። የካቲት ሲያልቅ የዓለም ገበያ የጥጥ ዋጋ በፓውንድ ከ2 ዶላር በላይ ወጥቶ በዘመናዊው የጥጥ ንግድ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ደረጃ ደረሰ። የኢትዮጵያ ጥጥ አምራች ያንን ዋጋ በሩቁ አየው። ገበሬ ደግሞ እንዲህ ያለውን አይረሳም፤ ሰሊጥና ማሽላ ባለበት መተማና ሑመራ ጥጥ መዝራት ግዴታው አይደለም። እገዳው ኋላ ቢነሣም እምነቱን አብሮ አልመለሰም። በአፋር ደግሞ የተንዳሆ የጥጥ መሬት ለሸንኮራ አገዳ ተሰጥቷል። ለጥጥ የሚሆን 3 ሚሊዮን ሄክታር አለን የሚለው አባባል በየስብሰባው ሲደጋገም፣ የሚዘራበት መሬት የዚያ ጥቂት በመቶ ብቻ ሆኖ ቆይቷል።

ሦስተኛውን የ2003 ክስተት የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት እጅግ ድሃ ለሆኑ ሀገሮች የሚሰጠውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ደንብ አላላ። ቀድሞ ልብሱ እንዲያልፍ ጨርቁም እዚያው ሀገር መመረት ነበረበት፤ ከዚያ ወዲህ መስፋቱ ብቻ በቃ። ለአፍሪካ ሀገሮች የተሰጠው የአሜሪካው ከቀረጥ ነፃ ዕድል፣ አጎዋ፣ ይህን ቀድሞ ፈቅዶ ነበር። በመርሕ ደረጃ ክሩም ጨርቁም ከአሜሪካ ወይም ከአጎዋ ሀገሮች ይሁን ቢልም፣ እንደ ኢትዮጵያ ያሉትን ጨርቁን ከየትም አምጥተው ቢሰፉ ይቀበላቸው ነበር። ባለሀብት ሁለቱን ደንብ አንብቦ ሒሳብ ሲሠራ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ክር መፍተል ምንም አይጨምርለትም ነበር። ጨርቁን ከእስያ ያስመጣል፣ ይሰፋል፣ ይልካል፤ ሒሳቡ ይኸው ነበር።

መንግሥትም ቢሆን ስፌቱን የወደደበት ምክንያት ይገባል። የስፌት አዳራሽ በአነስተኛ ካፒታል ሺህዎችን ይቀጥራል፤ በምርቃት ቀን ካሜራ ፊት የሚያምረውም እሱ ነው። የፈትል ፋብሪካ ግን ውድ ማሽን፣ የማይቋረጥ መብራትና ጥቂት ሰው ነው የሚፈልገው። ለሹመኛ የሥራ ዕድል ሪፖርት አይመችም።

የመብራቱን ነገር ፈትል ቤት ውስጥ የቆመ ያውቀዋል። ማሽኖቹ ቀንና ሌሊት መሥራት አለባቸው፤ ኃይል ለደቂቃ ሲጠፋ በሺህ የሚቆጠሩ ስፒንድሎች በአንድ ጊዜ ይቆሙና ክሩ ይበጣጠሳል። ሠራተኞቹ እየዞሩ አንድ በአንድ ሲቀጥሉ ሰዓታት ይሄዳሉ። ከዚያ የክሩ ቅጥነት አለ። ቁጥር 20 የሚባለው ክር ከ450 ግራም ገደማ ጥጥ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈተላል፤ ለአንሶላም ለሸማኔም ይበቃል። ቁጥር 40 ከዚያው ጥጥ 30 ኪሎ ሜትር ይወጣዋል፤ ደህና ሸሚዝ የሚፈልገው ይህን ነው። ለዚህ ቃጫው ዘለግ ያለና ንጹሕ ጥጥ ያስፈልጋል። የእኛ ጥጥ በእጅ ስለሚለቀም ንጹሕ መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን ሕዝቡ «ማዳበሪያ» በሚለው የፕላስቲክ ከረጢት ይታጨቅና የከረጢቱ ቃጫ ከጥጡ ጋር አብሮ ይፈተላል። ነጭ ጨርቅ ላይ አይታይም። ሲቀለም ፕላስቲኩ ቀለም ስለማይቀበል ሰማያዊው ሸሚዝ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ገዢውም ይመልሰዋል። በጨርቅ ከረጢት የሚፈታ ችግር ነው፤ የሚያስቆጨውም ይኸው ነው። ለንጹሕ ጥጥ የተሻለ ዋጋ የማይከፈለው ለቃሚ ግን ስለ ከረጢት የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ተመረቀ፤ ጨርቅ የሚያመርት የቻይና ድርጅትም ገባበት፤ ጅምሩ በሌሎች ፓርኮች ሊስፋፋ ይችል ነበር። በትግራይ የተነሣው ጦርነት ግን የዓድዋውን አልሜዳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አወደመ፤ ከሐዋሳው ፓርክ ታላላቅ ስሞች አንዱ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤችም በኅዳር 2014 ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አሳወቀ። አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። የስፌት መስመሮቹ ምን ያህል ልቅ ሆነው እንደተተከሉ ያኔ ታየ፤ ጨርቁ ከውጭ፣ ገበያው ከውጭ፣ እዚህ የነበሩት መርፌውና የሚሰፉት ልጆች ናቸው። ሥራ ያጡትም ልጆቹ ናቸው።

ሰንሰለቱን አሟልቶ ለመሥራት የሞከረ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቱርኮቹ አይካ አዲስ በዓለም ገና ከክር እስከ ተሰፋ ልብስ ራሱ እያመረተ ለጀርመኑ ቺቦ ይልክ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ዕዳው አይሎ በልማት ባንክ እጅ ገባ። ብዙዎች ይህን የአንድ ባለሀብት ውድቀት አድርገው ያወሩታል። እኔ ግን የብድሩን አሰጣጥ እጠይቃለሁ። ለማሽን መግዣ የረጅም ጊዜ ብድር መስጠት ተለምዷል፤ ለጥጥ መግዣ የሚሆን የሥራ ማስኬጃ ግን ሁሌም ጭንቅ ነው። ጥጥ የሚሰበሰበው በበጋው ጥቂት ወራት ነው፤ ፋብሪካ የዓመት ቀለቡን መሸመት ያለበትም ያኔ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ገንዘብ የሌለው ፋብሪካ ጥጡን ነጋዴ ይቀድመዋል፤ በግንቦት ከዚያው ነጋዴ በውድ ይገዛል፤ ካልቻለም ማሽኑን በግማሽ ያሠራል። ያልተሠራበት ማሽን ብድር ደግሞ ወለዱን አያቆምም።