በፊንጢጣ የሚሰጥ መድኃኒት፦ ሰፖዚቶሪ

ሰፖዚቶሪ በፊንጢጣ የሚገባ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ መድኃኒት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከቅባት ስለሚሠራ በሰውነት ሙቀት፣ ማለትም በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ቀልጦ የያዘውን መድኃኒት ይለቃል። ከታችኛው የፊንጢጣ ክፍል የሚነሡት ደም መላሾች በጉበት ሳያልፉ ወደ ዋናው የደም ዝውውር ስለሚገቡ የመድኃኒቱ ከፊል በጉበት ከመሰባበር ይተርፋል።

ይህ መንገድ ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚያገኘው ሕመምተኛው መዋጥ ሲያቅተው ነው። ከጤና ጣቢያ ርቆ በጽኑ ወባ የተያዘ፣ የሚያስመልሰው ወይም ራሱን የሳተ ከ6 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በጤና ኬላ በፊንጢጣ የሚገባ አርቴሱኔት በኪሎ ግራም ክብደቱ 10 ሚሊ ግራም ተሰልቶ አንድ ጊዜ ይሰጠዋል፤ መድኃኒቱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ይደገማል። ይህ ግን ጊዜ መግዣ እንጂ ሙሉ ሕክምና ስላልሆነ ሕፃኑ ወዲያው ወደ ከፍተኛ ተቋም መላክ አለበት።

በአጠቃቀም ረገድ፣ ሰፖዚቶሪ በሙቀት ከለሰለሰ ከነመጠቅለያው በቀዝቃዛ ውኃ ይጠነክራል፤ መጠቅለያው (አንዳንዴ ይረሳልና) ከተነሣ በኋላ ጫፉ በውኃ ይርሳል፤ ሕመምተኛው በግራ ጎኑ ተኝቶ የላይኛውን ጉልበቱን አጥፎ በንጹሕ ጣት ቀስ ብሎ ይገባለታል፤ ከዚያም ለ15 ደቂቃ ያህል ሳይነሣ ይቆያል። ሰፖዚቶሪ በአፍ አይዋጥም፤ ከፊንጢጣው ደም የሚፈሰው ወይም በቅርቡ በዚያው አካባቢ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።