የክር ካርታ፦ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ከንቱ ምልልስን መቀነሻ ዘዴ

በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ ሲዘገይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የሰው ማነስ ነው። ተጨማሪ ሰው ከመቅጠር በፊት ግን ያለው ሠራተኛ በቀን ምን ያህል እንደሚመላለስ ማወቅ ይገባል። ለዚህም ሳንቃ፣ ሚስማርና ክር ይበቃሉ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ. የጣቢያውን ስፍራ በሜትር ለክቶ፣ 1 ሴንቲ ሜትር 2 ሜትርን እንዲወክል አድርጎ በወረቀት መንደፍና በሳንቃ ላይ መለጠፍ።

2ኛ. እሸት መረከቢያው፣ ሚዛኑ፣ መፈልፈያው፣ የማብላያ ገንዳው፣ የማጠቢያው ቦይ፣ ማስጫ አልጋዎቹና መጋዘኑ ባሉበት፣ መንገድ በሚታጠፍበትም ሁሉ ሚስማር መምታት።

3ኛ. አንድን ሠራተኛ ከጧት እስከ ማታ እየተከታተሉ ክሩን ከሚስማር ወደ ሚስማር ማዞር። የሚጠናው ሥራው እንጂ ሠራተኛው አለመሆኑ አስቀድሞ ይነገረው።

4ኛ. ማታ ክሩን ፈትቶ መለካት። እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የ2 ሜትር ጉዞ ነው።

በአንድ ጣቢያ ይህን ስንሞክር ክሩ የሚበዛው በሚዛኑና በመፈልፈያው መካከል ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር። በዝቶ የተገኘው ግን በማስጫ አልጋዎቹና በመጋዘኑ መካከል ነው። ቡና የሚያገላብጡትን ሴቶች ብንጠይቅ ምክንያቱ የአልጋው ሽፋን መሆኑን ነገሩን። ገለፈቱ ያልተነሣ የታጠበ ቡና በቀትር ፀሐይ ካልተሸፈነ ገለፈቱ ይሰነጠቃል፤ ሌሊት ካልተሸፈነም እርጥበት መልሶ ይስባል። ስለዚህ ሽፋኑ በቀን 2 ጊዜ ይዘረጋል፣ 2 ጊዜ ይነሣል። የሚቀመጠው ግን መጋዘን ውስጥ ነበር።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት። መጋዘኑ ከአልጋው 80 ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 160 ሜትር ነው። ሽፋኑ አንድ በአንድ የሚወሰድ ከሆነ፣ በቀን 4 ጊዜ ለአንድ አልጋ 640 ሜትር፣ ለ20 አልጋ 12.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የደከመ ሰው አንዳንዱን አልጋ ሳይሸፍን ማለፉ አይቀርም፤ ጉዳቱም በመጨረሻ በአባላቱ ቡና ደረጃና ዋጋ ላይ ይታያል። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ በየአልጋው ራስጌ ባላ ተተክሎ ሽፋኑ እዚያው እንዲቀመጥ ተደረገ።

ጥንቃቄ፦ ማጠር ያለበት ከንቱው ጉዞ ብቻ ነው። ቡናውን ለማገላበጥና ብልሹውን ለመልቀም በአልጋው ዙሪያ መዞር ጥራትን የሚጠብቅ ሥራ ነው። ለቅርበት ሲባልም አልጋው ፀሐይና ነፋስ ወደማያገኝበት ቦታ አይዛወር፤ የልጣጭና የፍሳሽ ጉድጓድም ወደ ወንዝ አይቅረብ።

የልማት ሠራተኛው ሳንቃውን ለማኅበሩ ኮሚቴና ለሠራተኞቹ በአንድነት ያሳይ። ማንኛውም ለውጥ መጀመሪያ በክሩ ይሞከር፤ ሚስማር መንቀል ሚዛን ከመንቀል ይቀላልና።