የቫይረሱ መንገድ በሒሳብ ሲታይ

ኤች አይ ቪ ወደ ሕዋሳችን ከገባ በኋላ እስከ ኒውክለሱ ድረስ እንዴት እንደሚጓዝ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ቫይረሱ እግር የለው፣ ሞተር የለው! የሚሄደው በእኛው መንገድ ነው።

መንገዱ ማይክሮቱቡል ይባላል። ቱቡሊን የተባሉ ፕሮቲኖች እንደ ጡብ ተደርድረው የሚሠሩት ቱቦ ሲሆን፣ ውፍረቱ 25 ናኖሜትር ያህል ነው፤ 1 ሚሊሜትር ለ40 ሺህ ሲካፈል ማለት ነው። በላዩ ላይ ዳይኒን የተባለ ፕሮቲን እየተራመደ ዕቃ ወደ ሕዋሱ መሐል ይሸከማል። ቫይረሱም እሱ ላይ ይሳፈራል፤ ያውም ሳይከፍል!

ይህ መንገድ ግን እንደ አስፋልት ቋሚ አይደለም። ሲያድግ ቆይቶ ድንገት መፍረስ ይጀምራል፤ አንዳንዴም መፍረሱን አቁሞ እንደገና ያድጋል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1984 ቲም ሚቺሰንና ማርክ ኪርሽነር ይፋ አደረጉ። በ1993 ደግሞ ማሪሊን ዶግተሮምና ስታኒስላስ ሊብለር ነገሩን በ4 ቁጥሮች አሰሉት፦ በምን ፍጥነት ያድጋል? በምን ፍጥነት ይፈርሳል? ስንቴ ከማደግ ወደ መፍረስ ይዞራል? ስንቴስ ከመፍረስ ወደ ማደግ ይመለሳል?

እስቲ እርሳስ አንሱና አብረን እናስላ። ቱቦው በደቂቃ 10 ማይክሮሜትር ያድጋል፣ ሲፈርስ ደግሞ በደቂቃ 20 ያጥራል እንበል። ለ60 ሰከንድ አድጎ ለ15 ሰከንድ ቢፈርስ፣ 10 ጨምሮ 5 ይቀንሳል። በየዙሩ 5 ስለሚተርፈው ቫይረሱ የሚገባበት የሕዋስ ጠርዝ ድረስ ይደርሳል። የማደጊያው ጊዜ ብቻ ወደ 24 ሰከንድ ቢያጥርስ? 4 ጨምሮ 5 ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሳይነካ መንገዱ አጭር ሆኖ ይቀራል!

"ታዲያ መንገዱን ለምን አናሳጥረውም?" ትሉ ይሆናል። ችግሩ ሕዋሳችን ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን የሚያከፋፍለውም በማይክሮቱቡል መሆኑ ነው። ለካንሰር የሚሰጡት ፓክሊታክስልና ቪንክርስቲን ይህንኑ መንገድ ያውካሉ፤ ጤነኛ ሕዋስንም ስለሚነኩ የጎንዮሽ ጉዳታቸው ከባድ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ግን በአብዛኛው የሚያጠቁት የቫይረሱን የራሱን ክፍሎች ነው።

እንግዲህ ወጣቶች፣ መንገዱን ማፍረስ ባንችልም ተሳፋሪውን በር ላይ ማስቀረት እንችላለን፤ በመታቀብ፣ ተመርምሮ አንድ ለአንድ በመወሰን፣ ኮንዶምን ሁልጊዜ በአግባቡ በመጠቀም። ተጋልጫለሁ ብሎ የሠጋ ሰው ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይል፣ ቢዘገይ እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጤና ተቋም ይሂድ። ቫይረሱ እንዳይደላደል የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቅም።